ዩድሮን የነቀለችው ዘንግ

ዩድሮን ከዋና ከተማዋ ከቲምፑ እስከ ገጠሯ ኮማ መንደር ድረስ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ስትንገላታ፣ ሦስቴ ሲያስመልሳት፣ ሁሉን የቻለችው ለአንድ ነገር ነው። አኔ የምትላት አክስቷ ኖርዞም ሽመና እንድታስተምራት! በቃ፣ ሌላ ምንም አትፈልግም! ትምህርት ቤት እስኪከፈት እዚሁ ቁጭ ብላ ያንን ጥልፍ የሚመስል፣ ግን ጥልፍ ያልሆነ የሐር ጥበብ በገዛ እጇ ማውጣት!

እናቷ ገና ከደጅ ጀምራ ለመነች። "እህቴ፣ እባክሽ ልጄን እዚህ ያዥልኝ።"

"ኧረ አይሆንም!" አለች አኔ ኖርዞም፣ አፏን በእጇ ከልላ።

ዩድሮን ግራ ገባት። ሰው ቤት ሩዝ ሲጨመርላት እሷም እንዲህ ነው የምትለው፤ አፍ ከልሎ እምቢ ማለት ወግ ነው፣ ከዚያ ይበላል። ግን ለሰውም እንደዚያ ነው እንዴ? እናቷ ሦስቴ ለመነች፣ አክስቷ ሦስቴ እምቢ አለች፤ ከዚያ ተነስታ የዩድሮንን ፍራሽ መሸመኛው ክፍል ውስጥ አነጠፈችላት። ታዲያ ይሄ ምን ማለት ነው?!

"ዝም በይ። አውቶቡሱ እሁድ ነው፣ እስከዚያ እናያለን" አለች እናቷ።

ቅዳሜ ጠዋት አኔ ኖርዞም ላም ልታልብ ወጣች። የምትሸምነው ኪራ፣ ያ ሴቶች ሰውነታቸው ላይ የሚጠቀልሉት ልብስ፣ መሸመኛው ላይ ተወጥሮ ቀርቷል። ወይኔ ማማሩ! ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ያ ወርቅ የመሰለው ቢጫ! ግን ድሩ እንደ ቀለበት ዞሮ የተወጠረ ስለሆነ፣ የተሸመነው ግማሹ በታች በኩል ተደብቋል። ዩድሮን ደግሞ ሙሉውን ፎቶ አንስታ ለጓደኞቿ መላክ አማራት። እናቷ ቤት ተራ ጨርቅ ስትሸምን የድሩን ሁለት ጫፍ የምታያይዘውን አንዲት ቀጭን ዘንግ መዘዝ አድርጋ ጨርቁን ዝርግት ስታደርገው አይታለች። ዘንጓን ፈለገች። አገኘቻት። ሳበቻት!

እናቷ እኮ የምትስባት ሸምና ስትጨርስ ነው! ይሄኛው ደግሞ ገና ሁለት ክንድ ይቀረዋል። ያልተሸመነው ድር እንደ ተፈታ ሹሩባ ዝርግፍ አለ፤ ዘንጓ ላይ ተሰክተው የነበሩት ስንትና ስንት የክር ቀለበቶች አየር ላይ ቀሩ።

የአክስቷ ልጅ ሌኪ በር ላይ ደርቃ ቀረች። "አንቺ! ሰባት ወር የፈጀ እኮ ነው! የቲምፑ ልጅ፣ የስልክ ሽፋን መሰለሽ እንዴ የሚከፈት?"

"ሌኪዬ፣ በናትሽ አትንገሪያት!"

"እኔ ምን እነግራታለሁ? ዓይን አላት።"

አኔ ኖርዞም ገባች። ወተቱን አስቀመጠች። አየች። ዩድሮን ዓይኗን ጨፍና ጩኸት ጠበቀች። ጩኸት የለም! አክስቷ ዘንጓን አንስታ እጇ ላይ አስቀመጠችላት።

"ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ። በተራ" ብላ የበርበሬና የአይብ ወጧን ልትሠራ ሄደች።

ቅጣት ነው? ምሕረት ነው? ዩድሮን አልገባትም። ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ፣ ጣቷ እስኪደነዝዝ ሰካች። ቀኑን ሙሉ! ግማሹም አልደረሰ።

እሁድ ጠዋት እናቷ ፊቷን አጥቁራ ገባች። "አሳፈርሽኝ! ዕቃሽን ሰብስቢ፣ እንሄዳለን።"

"ወዴት ነው የምትወስጃት?" አለች አኔ ኖርዞም ሻይ እየቀዳች።

"እንዴ! አልፈልግም አልሽኝ፣ ልጅቷም ኪራሽን አበላሸችብሽ!"

"አበላሽታለች። ሌላ ሰው የነቀለውን እኔ አልሰካም።"

"ስንት ቀን ይፈጅባታል?"

"እንደ እጇ ነው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ የቀረውን ሁለት ክንድ አብራኝ ትሸምናለች። ያን ሁሉ ክር በጣቷ ነክታ ነክታ ለሌላ ሰው ልተወው እንዴ?"

እናት የልጇን ዕቃ መልሳ አስቀመጠች። ዩድሮን ግን ልትዘል ብድግ አለችና ቆም አለች። "አኔ... ተቆጥተሽብኛል ወይስ ወደሽኛል?"

"ዝም ብለሽ ስኪ! አንዱን ዘለልሽ።"

ዩድሮን ጎንበስ ብላ አየች። እውነትም ዘላለች፣ ያውም ከአሥራ አንድ ቀለበት በፊት! ውጭ አውቶቡሱ ጡሩንባውን ነፋ፣ እናቷ ግንባሯን ስማት ሮጠች፤ እሷ ግን ይሳቅ ይለቀስ እንኳ ሳታውቅ አሥራ አንዱን ቀለበት አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረች።