ሚዛን በባዶው ሲታይ

«አልፈረመም» አሉ ጋሽ ተክለማርያም፣ የሻይ ብርጭቋቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳስቀመጡ። «ወረቀቱን ፊቱ ዘረጉለት። እስክሪብቶ ሰጡት። አንገቱን ነቀነቀና መለሰላቸው። ሁለት ወር ታሰረ እንጂ አልፈረመም።»

ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። ውጭ፣ የእድሩ ድንኳን ውስጥ ካርታ ከሚጫወቱት መሀል ሁለቱ የቀበሌ ሰዎች ናቸው። ቤት ውስጥ ያሉት ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። ስመኝ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ባሏ ወንድይራድ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ይህን ታሪክ ስትሰማ ግን አምስተኛ ጊዜዋ ነው። መቼም ለቅሶ ቤት የሟች ቁመት ይጨምራል። ትናንት ጠዋት እስክሪብቶውን መለሰ ነበር የተባለው፤ ከሰዓት በኋላ ወረወረው የሚልም ተገኝቷል።

ችግሩ፣ ወንድይራድ ፈርሟል። ይህን በዲላ ከተማ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዱ ትናንት አፈር ለበሰ። ሁለተኛው የያኔው የቀበሌ ሊቀመንበር ጓንጉል ነው፤ እሱም ወደ ሌላ አውራጃ ከተዛወረ ዓመት አልፎታል። ሦስተኛዋ ስመኝ ነች።

«ነገ በሣልስቱ፣ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ለወጣቶቹ በደንብ እነግራቸዋለሁ» አሉ ጋሽ ተክለማርያም። ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ መጋዘን ከሆነ ወዲህ በየቤቱ በድብቅ የሚሰበሰቡትን ምዕመናን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። «ሰኞ ስድስቱ ቀበሌ ተጠርተዋል። ከመጤ ሃይማኖት ወጥቻለሁ ብላችሁ ፈርሙ ሊሏቸው ነው። የሱን ነገር ሰምተው ቢሄዱ ልባቸው ይጸናል።»

«እሺ ጋሼ» አለች ስመኝ። ሌላ ምን ትበል?

ከቀትር በኋላ ከጨለለቅቱ ገበሬዎች መጡ። ዘጠኝ ናቸው፤ አንዱ ጭራሽ ከዚያም ርቆ ከሬኮ የተነሣ ነው። መኪና ያገኙት መንገድ አጋምሰው ስለነበር እግራቸው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኗል። ስመኝ አንዳቸውንም አታውቅም። ትልቁ፣ ሽብሩ የሚባለው፣ ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ ከፊቷ ቆመ።

«እኛ ወንድይራድ ሚዛን አውቃለን» አላት በተሰባበረ አማርኛው። «እሱ ሚዛን አትዋሽም ነበር። ሌላ ሰው ሚዛን…» እጁን ዘርግቶ ወደ አንድ ጎን አዘነበለው። «የሱ ግን ቀጥ።»

ይህን ብሎ ተቀመጠ። ለዚህች ቃል ነው ያን ሁሉ መንገድ የመጣው። ስመኝ አለቀሰች። ከሞተ ጀምሮ በደንብ ያለቀሰችው ያኔ ነው።

ወንድይራድ የቡና መረከቢያ ባለሚዛን ነበር። ወቅቱ ሲደርስ ጨለለቅቱ ይከርማል፤ ገበሬው በጀርባውም በአህያውም ያመጣውን ቀይ እሸት ይመዝናል። ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ባስኩሉን፣ ያን ትልቁን የወለል ሚዛን፣ በመዳፉ ይጠርግና ምንም ሳይጫንበት ጎንበስ ብሎ ያየዋል። ወረፋ የያዘው ሰው ቢያጉረመርም፣ አለቃው ቢቆጣም ግድ የለውም። «ሚዛን በባዶው ካልታየ ተጭኖ አይታመንም» ይላል። ባዶውን ግማሽ ኪሎ የሚያነብ ሚዛን ቀኑን ሙሉ ሲዋሽ ይውላል፤ ባለሚዛኑም ሳያውቀው አብሮ ይዋሻል።

እሱ ራሱም ጠዋት ጠዋት በባዶው ይታይ ነበር። ነገሩ ስመኝን መጀመሪያ ሊያሳብዳት ምንም አልቀረው። የተጋቡ ሰሞን ለአንድ ጓደኛው «እኔ እንኳ ያለ ጽሞና መዋል አልችልም» ሲል ሰማችው። ስመኝ ያደገችው ጾምና ቅዳሴ እያወቀች ነው፤ ጽሞና የሚባል ነገር ግን ሰምታ አታውቅም፤ የሴት ስም መሰላት። ደግሞም የቆንጆ ሴት ስም። ሦስት ቀን የተኛች መስላ አደባች። በአራተኛው፣ ገና ሰማዩ ሲገረጣ፣ ባሏ ቀስ ብሎ ሲወጣ ተከተለችው። ከጓሮ፣ እንሰቱ ሥር፣ በርጩማ ላይ ብቻውን ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱሱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል።

«የታለች?» አለችው።

«ማን?»

«ጽሞና ነቻ!»

ወንድይራድ ከበርጩማው ወድቆ ሳቀ። የሳቁ ድምፅ አጥሩን ተሻግሮ ከሱብሂ ሰላት የሚመለሰውን ጎረቤታቸውን ባህሩዲንን አስቆመው። ባህሩዲን ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ወሬ ካገኘ ደግሞ በሜትር አይቆርጥም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ባለፈ ቁጥር አጥሩን በከዘራው ሁለቴ ኳ ኳ ያደርግና «ጽሞና ደህና አደረች?» ይላል። ወንድይራድ በዚያ ሰዓት አፉን ለሰው አይከፍትም፤ የበርጩማውን እግር በጣቱ አጥንት ሁለቴ መትቶ ይመልስለታል። አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ ሰላም ሲባባሉ ኖሩ። ስመኝም ከጊዜ በኋላ «ጣውንቴ ጋ ነው ያለው» እያለች መቀለድ ለመደች። ጠጋ ብላ አብራው ግን አልተቀመጠችም። እምነቱን ተከትላዋለች፣ መዝሙሩንም ታውቀዋለች፤ ጠዋቱን ግን ለሱ ተወችለት።

የሞተውም እዚያው ነው። ማክሰኞ ባህሩዲን ሁለቴ መታ፤ መልስ የለም። ደግሞ መታ። ከዚያ ከዘራውን ጥሎ ገባ። ወንድይራድ በርጩማው ላይ ሆኖ ግድግዳውን ተደግፏል፤ መነጽሩን አውልቆ መጽሐፉ ላይ አኑሮታል። ስመኝን የቀሰቀሳት የባህሩዲን ድምፅ ነው።

ገበሬዎቹ በመጡበት ዕለት ማታ፣ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል፣ የባህሩዲን ሚስት ሰፊያ አጠገቧ ቁጭ ብላ ጆሮዋ ሥር ጠጋ አለች።

«ስሜ፣ ያቺ ልጅ ምን ሆናለች? ሁለት ቀን ሙሉ ሳህን ታጥባለች፤ ግቢ ስላት አልገባም ትለኛለች።»

ስመኝ በጓሮ በር አየቻት። ውዳሴ ነች፤ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪዋ። ጸሎት ቤቱ ሳይታሸግ በፊት መዝሙር የምታወጣው እሷ ነበረች። ከአስራ አምስት ቀን በፊት ፈርማለች፤ ፈርሚ አለዚያ ሥራሽን ልቀቂ ብለዋት ነው። ከዚያ ወዲህ ምዕመናኑ ሰላም ይሏታል፤ እሷ ግን ቀና ብላ አታያቸውም። ወንድይራድን ትወደው ስለነበር መቅረት አልሆነላትም፤ መግባትም አልሆነላትም። በሁለቱ መሀል ሳህን ማጠብ ተገኘላት።

ስመኝ ያን ሌሊት የባሏን ነገር ከመጀመሪያው ጀምራ አሰበችው። በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ ጠርተውት ሄደ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተመለሰ። «ፈረምኩ» አላት በሩ ላይ ቆሞ። «ለምን?» አለችው። «ፈራሁ» አለ። ሰው ምክንያት ይደረድራል፤ እሱ አልደረደረም። በማግሥቱ ጠዋት ጓሮ ወጣና ወዲያው ተመልሶ ገባ። በሦስተኛው ቀን ጭራሽ አልወጣም። ባህሩዲን አጥሩን እየመታ መልስ ሲያጣ ታሟል ብሎ ማር ላከ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ይበላል፣ ሥራ ይሄዳል፣ ከሰው ይጫወታል፤ ጠዋት ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል።

«ባዶውን ሁለት ኪሎ የሚያነብ ሚዛን ሆኛለሁ፣ ስመኝ» አላት አንድ ቀን። ከዚያ ተነሣ፤ ብርድ ልብስ ጠቀለለ፤ ቆጮ አስቋጠራትና ቀበሌ ሄደ። «የጻፍኩት ውሸት ነው፤ ወረቀቴን መልሱልኝ» አለ። ጓንጉል ሳቀበት። በሥልጣን ዘመኔ እሰሩኝ ብሎ ስንቁን ይዞ የመጣ ሰው አላየሁም አለውና አሰረው።

ሰው የሰማው መታሰሩን ብቻ ነው። የታሰረው ስላልፈረመ ነው ተባለ። ሲፈታ ለጋሽ ተክለማርያም ሊናገር ተነሣ፤ ስመኝ እግሩ ላይ ወደቀች። «ዛሬ አይሁን» አለችው። ሌላ ቀንም «አሁን ምን ያደርጋል?» አለችው። እሱም «አንቺ እሺ እስክትዪ እጠብቃለሁ፤ ግን እሺ በይኝ» አላት። ሦስት ዓመት ጠበቃት። እሺ ሳትለው ሞተ።

በሣልስቱ እድርተኞቹ ድንኳኑን አፍርሰው ወንበሩን ጭነው ሄዱ። ቤት ውስጥ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ቀሩ፤ ስድስቱ ሰኞ የተጠሩት ወጣቶች ናቸው። በሩ ገርበብ ተደረገ። ጋሽ ተክለማርያም በለሆሳስ ጸለዩና ጀመሩ። ውዳሴ ባዶ ብርጭቆ ልትሰበስብ ገብታ ነበር፤ ጸሎቱ ሲጀመር መውጣት ነውር ሆነባትና ትሪውን እንደያዘች ቆመች።

«ይህ ወንድማችን» አሉ ጋሽ ተክለማርያም፣ «ወረቀቱን ፊቱ ሲዘረጉለት አልፈረመም።»

ትሪው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንቀጫቀጩ። ከሁሉም ጆሮ የገባው የሳቸው ቃል ነው፤ ከስመኝ ጆሮ የገባው ግን ብርጭቆው ነው።

«ፈርሟል» አለች።

ጋሽ ተክለማርያም ወደ እሷ ዞሩ። «ልጄ፣ ሐዘኑ ነው። ጋደም በይ እስኪ።»

«ሐዘኑ አይደለም ጋሼ። ፈርሟል። ፈርቶ ፈረመ። በሦስተኛው ሳምንት ብርድ ልብሱን ይዞ ተመልሶ ሄደ፤ ውሸቴን ነው፣ መልሱልኝ አላቸው። የታሰረው ያኔ ነው።»

ጋሽ ተክለማርያም አንድ ዓመት ታስረዋል፤ የፊት ጥርሳቸው የቀረው እዚያ ነው። የከፋቸው ይመስላል፤ ከፍቷቸዋልም።

«ሦስት ዓመት አብረን ስንጸልይ ለምን አልነገረኝም?»

«ሊነግርዎት ነበር። አፉን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለች ስመኝ። «ያልፈረመው ሰው ሚስት ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። ገበያ ስወጣ እንኳ በዚያ ነበር የምራመደው። የሱ ኃጢአት ሦስት ሳምንት ነው፤ የኔ ሦስት ዓመት።»



«እኔ» አሉ ጋሽ ተክለማርያም በመጨረሻ፣ «እኔ ፈርሜ ቢሆን ኖሮ አልመለስም ነበር። እፍረቱን አልችለውም።» ይህንንም ሲናገሩ ደስ አላላቸውም።

«ወረቀቱን መለሱለት?» የሚል ድምፅ መጣ። ውዳሴ ነች።

«አልመለሱለትም።»

«ታዲያ ምን አገኘ?»

ስመኝ አሰበች። ስለዚህ ነገር ሰው ጠይቋት አያውቅም።

«ጠዋቱን» አለች። «ከእስር በወጣ ማግሥት ጓሮ ወጥቶ ሲቀመጥ በመስኮት አይቼዋለሁ። ለሦስት ሳምንት ያጣውን ጠዋቱን አገኘ።»

ውዳሴ ትሪውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያም ሰፊያ ጠጋ ብላ በለቀቀችላት ጥግ ላይ፣ ከሰው መሀል ተቀመጠች። ሰኞ ወረቀቷን መልሱልኝ ልትል ትሄድ እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም። ጋሽ ተክለማርያምም ያቋረጡትን አልቀጠሉም፤ «እንጸልይ» ብቻ አሉ።

በአራተኛው ቀን ስመኝ የነቃችው ገና ጎሕ ሲቀድ ነው። አልጋው ሰፍቷታል። በርጩማው ጓሮ እንደቀረ ትዝ አላት፤ ሦስት ቀን ጤዛ መትቶታል፣ ላስገባው ብላ ወጣች። እንሰቱ ሥር ሆኖ አገኘችው። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፤ ሊያነሣ የሄደው እጇ ግን እዚያው ቀረ፤ ተቀመጠችበት። ጀርባዋ ግድግዳው ላይ የሱ ጀርባ ያለሰለሰውን ቦታ አገኘ።

ምን እንደሚባል አላወቀችም። አሥራ ሰባት ዓመት ሌሎች ሲጸልዩ አሜን ስትል ነው የኖረችው። «ይኸው ባዶዬን» አለች ቆይታ፤ ከዚያ ሌላ ቃል አልመጣላትም። ናፈቃት፤ በጣም ናፈቃት።

ኳ፣ ኳ።

አጥሩ ነው። ባህሩዲን እጁን ልማድ አታሎታል። ስህተቱ ወዲያው ገብቶት መሆን አለበት፤ ከማዶ «አስተግፊሩላህ» ሲል ተሰማ፤ ከዚያ የእግሩም ድምፅ ጠፋ። መሄዱ ከብዶት ቆሟል።

ስመኝ እጇን ወደ ታች ሰደደችና የበርጩማውን እግር በጣቷ አጥንት ሁለቴ መታች።