ሰባት ቀን እንዳይፈታ

ጎረቤቴ ጋሮምሳ ልብስ ሰፊ ነው። ጨርቅ ሲቆርጥ ልኩን ያውቃል፤ ሲፎክር ግን ልክ የለውም። «ከአዳማ ሐዋሳ በብስክሌት በሁለት ቀን እገባለሁ» ብሎ ሰፈሩን አደነቆረው። እኔ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ስሠራ ሃያ ዓመት በብስክሌት የተመላለስኩ ሰው ነኝና፣ ሚስቱ ሶፊ «ጋሽ ዲበኩሉ፣ አደራዎትን ብቻውን እንዳይለቁት» ስትለኝ ተከተልኩት።

እስከ ቆቃ ሲፎክር ሄደ። ዓለም ጤና ላይ ኮርቻው ላይ ይቁነጠነጥ ጀመር።

«መቀመጫህ ነው ጉልበትህ?» አልኩት።

«ሁሉም ነው ጋሼ፤ አይጠይቁኝ።»

ሳቅሁበት። መቂ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ጡሩምባውን እያንባረቀ ከኋላችን መጣ። ጋሮምሳ ደንግጦ ከአስፋልቱ ወጣና ጠጠሩ ላይ በቀኝ እጁ ወደቀ። ሲነሳ የእጁ አንጓ ተጣሟል።

«ጤና ጣቢያ እንሂድ።»

«አይሆንም! ጄሶ ያደርጉልኛል። በጄሶ መቀስ ይያዛል እንዴ? ወጌሻ አሽቶ ይመልሰዋል።»

«እሱስ ልክ ነህ» አልኩት። ይቺን ቃሌን እስከ ዛሬ እረግማታለሁ።

መቂ ገብተን ያገኘነው ወጌሻ አባ ፈዬራ የተባሉ ሽማግሌ ናቸው። ጎተቱት፣ አሹት፤ ጋሮምሳ ጮኸ። ከዚያ በቀርከሃ ስንጥር ደግፈው በጨርቅ ጥፍር አድርገው አሰሩት። «ሰባት ቀን እንዳይፈታ» ሲሉ ሰማሁና የላላ ጎማዬን ልነፋ ወጣሁ።

ጋሮምሳ ተከትሎኝ ወጣና ብስክሌቱን አነሳ።

«አብደሃል? በአንድ እጅ?»

«የሚነዳው እግር ነው ጋሼ።»

ወደ ባቱ ቀጠልን። አይሱዙ ባለፈ ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ። አሥር ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን «ያምሃል?» አልኩት።

«አሁንስ ሕመሙ ተወኝ። ምንም አይሰማኝም።»

«ተመስገን!» አልኩ፣ እኔ ሞኙ። ትንሽ ቆይቶ ጎን ለጎን ስንሆን ጥፍሮቹን አየሁ። ቀይ ሥር ሲልጥ የዋለ ሰው ጣት መስለዋል። አስቁሜ ብነካቸው፣ በዚያ አናት በሚበሳ ፀሐይ ከወንዝ እንደወጣ ድንጋይ ቀዝቅዘዋል።

«አንቀሳቅሳቸው እስቲ።»

የሌላ ሰው ጣት ይመስል አፍጥጦ አያቸው። አንዱም አልተነቃነቀም።

«ጋሼ... ጣትህ ከጠቆረ ዛሬውኑ ተመለስ ብለውኝ ነበር። እርስዎ ጎማ ሲነፉ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?»

«ወደ ቤት ይመልሱኛል ብዬ።»

ስድቡን ለኋላ አቆይቼ ዙሪያዬን ቃኘሁ። መንገዱ ዳር ዳስ ሥር ሴቶች ሽንኩርት ይለቅማሉ። «ቢላ! ቢላ ስጡኝ!» እያልኩ ሮጥኩ። ሚልካ የምትባለው ቢላዋን ይዛ መጣች፤ ልቀበላት ስዘረጋ እጄን አየችው።

«አባባ፣ በዚህ በሚንቀጠቀጥ እጅዎ ሰውየውን ሊያርዱት ነው? ወዲያ ይበሉ!»

«አትፍቺው!» አለ ጋሮምሳ ወደ ኋላ እየሸሸ። «ሰባት ቀን ተብሏል!»

«ሰባት ቀን ቆይተህ ምኑን ልትፈታ?»

ጨርቁን በጠስ በጠስ አደረገችው። እጁ እንደ ሊጥ ተነፋ፤ ማሰሪያው የነበረበት ቦታ ነጭ ጎድጓዳ መስመር ሆኖ ቀረ። ቁና ቁና እየተነፈስን ጥፍሮቹን ጠበቅን። መቅላት የጀመሩት በጣም ቆይተው ነው፤ ያውም ሁሉም አይደሉም።

ሽንኩርት ልትጭን የቆመች መኪና ባቱ ሆስፒታል አደረሰችን። ለሐኪሟ «ልብስ ሰፊ ነው፤ እጁ እንጀራው ነው» አልኳት። ወደ ጋሮምሳ ዞረች። ቀጭን መርፌ አወጣች።

«ዓይንዎን ይጨፍኑ። ሲወጋዎት ይንገሩኝ።»

ከትንሿ ጣት ጀመረች።

«ዋይ!»

የቀለበት ጣት። «ዋይ!» የመሃል ጣት። «ኧረ በሕግ!» ሌባ ጣት ላይ ሐኪሟን ሊሳደብ ምንም አልቀረውም። እንዲህ የጣፈጠኝ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም።

«አይዞህ ጀግናው፣ ሐዋሳ ድረስ ተሰማህ» አልኩት። እሱም ዓይኑን እንደጨፈነ ሳቅ አለ።

«አንዱ ቀረ» አለች ሐኪሟ።

ጋሮምሳ ጥርሱን ነክሶ፣ ፊቱን አጨማዶ ጠበቀ። ሐኪሟ ጎንበስ አለች። ቀና ብላ አየችኝና ቶሎ ዓይኗን ሰበረች።

«ይጀምሩት እንጂ ዶክተር» አለ ጋሮምሳ።

መርፌው አውራ ጣቱ ላይ ተሰክቷል።