የጓድ ፈረደ ወገብ

በደርግ ጊዜ፣ በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ የአውራጃው አለቃ የጓድ ፈረደ ጂፕ ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ ሁለት መካኒክ በላች። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ እንዳትወላገድ ብሎ ከስር በተነባበሩት የባሌስትራዋ ብረቶች ላይ ሦስት ደረበባት። ቀጥ አለች፤ ግን ጠጠር በረገጠች ቁጥር የጓድ ፈረደ ጭንቅላት ጣራውን እየደበደበ፣ ሰውየው ወገቡን ይዞ እንደ ወላድ እያማጠ ቤቱ ገባ። መካኒኩ ታሰረ። ሁለተኛው የተደረበውን አራግፎ እንደ ጥጥ አለሰለሳት። ወገቡስ ዳነ፤ ነገር ግን ጥምዝምዙ መንገድ ላይ አንድ ጎኗ ተነስቶ ተጋደመች። በተነሱት ጎማዎች ስር ሁለት ፍየሎች አለፉ ይባላል፤ አንደኛዋማ ቆም ብላ ቅጠል በልታለች። እሱም ታሰረ።

ሦስተኛው ይርዳው ነው።

«ስማ» አለው ጓድ ፈረደ፣ ሽጉጡን ጭኑ ላይ እያስተካከለ። «አሻጥሩ ወይ መኪናዋ ላይ ነው፣ ወይ ሹፌሩ ላይ። ሐሙስ መተማ ስብሰባ አለብኝ። ከተጋደመች ወይም ካንገጫገጨችኝ አንተ ትታሰራለህ። ደህና ከሄደች ጥፋቱ የአዛናው ነበር ማለት ነው፤ እሱ ይታሰራል።»

ሹፌሩ አዛናው እዚያው አጠገባቸው ቆሟል። ጓድ ፈረደ ፊቱን እንዳዞረ ምራቁን ጢቅ አደረገ።

«ምን ታፈጥብኛለህ?» አለው ይርዳው።

«እስር ቤት የምትተኛበትን ጥግ እየመረጥኩልህ ነው።»

ይርዳው ነጋዴው ሐሚድ ግቢ ከወደቀ የሱዳን ሎሪ ላይ አንድ ረጅም ብረት ፈታ። አግሎ ሁለቱን ጫፍ አጠፈው፤ ከዚያ ከጂፗ ሆድ ስር አጋድሞ መሐሉን በአሮጌ ጎማ ቁራጭ ሻሲው ላይ አሰረ፤ ጫፎቹን ከግራና ከቀኝ ጎማ ጋር አያያዘ። ባሌስትራዋን ለስላሳውን ተወላት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? የሥጋ መስቀያ?» አለ አዛናው።

«ሁለቱ ጎማዎች አብረው ጉብታ ሲወጡ ብረቱ ዝም ብሎ ይከተላል፤ ወገብ አይነካም። አንዱ ለብቻው ልነሳ ሲል ግን ይጠመዘዝና ጓደኛውን ይዞ እምቢ ይላል። አንተና እኔን በአንድ ሰንሰለት እንደማሰር በለው።»

«ካንተ ጋር ከምታሰርስ ከጅብ ጋር ይሻለኛል።»

ሐሙስ ጠዋት ይርዳው ከኋላ ተቀመጠ፣ ጓድ ፈረደ ከፊት። አዛናው ሊያጋድማት ቆርጦ ተነስቷል። ጥምዝምዙ ላይ ፍሬን የሚባል ነገር ረሳ። መሪውን እንደ ጠላት አንገት ጠመዘዘው። ጥላዋ ገደሉ ውስጥ ተገለበጠ፤ ጂፗ ግን አልተገለበጠችም። ዛፎቹ ፈርተው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ጓድ ፈረደ መጀመሪያ መያዣውን ሙጥኝ አለ፤ ቀጥሎ በአንድ እጁ ያዘ፤ ቀጥሎ ለቀቀው።

«እንዲህ ነች እንዴ!» አለ ተመቻችቶ። «በል አዛናው፣ አለቀልህ። መተማ ስንገባ ለፖሊስ ነው የማስረክብህ።»

ይህን ብሎ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። ማንኮራፋቱ ከሞተሩ በለጠ።

አዛናው ነዳጅ ሰጣት። መተማ ገቡ። የስብሰባው አዳራሽ በግራ መጣ፤ አለፈ።

«አዳራሹን አለፍከው እኮ!» አለ ይርዳው በሹክሹክታ።

«ቀስቅሰውና ንገረዋ።»

ከፊታቸው ኬላው፣ ከኬላው ወዲያ ሱዳን ነው። ይርዳው እጁን ወደ ጓድ ፈረደ ትከሻ ሰደደ። አሸንፏል፤ አንድ ጊዜ ቢነቀንቀው አዛናው እስር ቤት ገብቶለት እሱ ቤቱ ይገባል። ግን ሐሙስ ቢያልፍ አርብ አለ። አርብ ጎማ ቢፈነዳስ? የታሰሩት ሁለቱ መካኒኮችም አንድ ሳምንት ተመስግነው ነበር። ገንዳ ውሃ የሚጠብቀውም ሚስት ሳይሆን አንድ ሳጥን መፍቻ ነው። እጁን ሰበሰበ።

ጠባቂዎቹ የጓዱን ጂፕ ሲያዩ የኬላውን ገመድ ጥለው ለሚያንኮራፋው ሰው ቀጥ ብለው ሰላምታ ሰጡ። ከገመዱ ወዲያ መንገዱን ሰያፍ የቆረጠ ቦይ ተጋድሟል።

«ባንድ ጎማ እንዳትገባ!» አለ ይርዳው ጥርሱን ነክሶ። «ጠምዝዘህ ሁለቱንም እኩል አስገባ! ያኔ ነው የማይነቃው፣ ደደብ!»

«ደደብ አባትህ!» አለ አዛናው። ግን እንዳለው አደረገ። ጂፗ ቦዩን እንደ ትራስ ረግጣ ተሻገረች።

የሱዳኗ ገላባት ገበያ መሐል አዛናው ሞተሩን አጠፋ፤ ቁልፉን ነቅሎ ወደ ጣራዎቹ ወረወረው። «ኸላስ! በቃኝ!» ብሎ ከሕዝቡ ጋር ተቀላቀለ። ለይርዳው ደህና ሁን እንኳ አላለውም፤ ይርዳውም አልጠበቀም፣ በኋላ በር ወረደ።

ጓድ ፈረደን የሞተሩ ጸጥታ ቀሰቀሰው። በመስኮቱ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሰዎች ያዩታል። ሽጉጡን ነካ፤ ብዛታቸውን አየና ተወው። ለመውረድም እምቢ አለ፤ ከጂፗ ካልወረደ ሱዳን እንዳልገባ ነው የቆጠረው።

«ግፉኝ!» ብሎ ጮኸ፣ በእጁም የመግፋት ምልክት አሳየ። «ወደ ሀገሬ ግፉኝ!»

ሱዳኖቹ አማርኛ አያውቁም እንጂ ደጎች ናቸው። አስር ጎረምሳ እየሳቀ ከኋላ ተሰለፈና አፍንጫዋ ወዳየበት ገፋት። ጂፗም ሳትወላገድ፣ ጓዱንም ሳታንገጫግጭ፣ ወደ መሐል ሱዳን፣ ወደ ገዳሪፍ መንገድ ነጎደች።