የሸጊቱ ካርታ

"ይሄ ምንድን ነው?" ወልደ ሩፋኤል ወረቀቱን ሸጊቱ ፊት ወረወረው። ከሊንክድኢን ገጿ የታተመ ነበር፤ ፎቶዋ፣ የተማረችበት፣ የሠራችው ሁሉ አለበት። "አዲስ ሥራ እፈልጋለሁ" የሚለው በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል።

"የግሌ ገጽ ነው።"

"ዓለም የሚያየው ነገር ምኑ ነው የግል? እዚህ ደባርቅ እንጀራ ሰጥተን ስናኖርሽ፣ አንቺ ራስሽን ለገበያ አውጥተሻል!"

ሸጊቱ ጆሮዋ ጋለ። በአፈር ጥበቃ ፕሮጀክቱ ከተቀጠረች ሦስት ዓመቷ ነው፤ እሱ አስተባባሪዋ ነው። ገጹን የከፈተች ሰሞን ስልክ ቁጥሯን አስገብታ፣ የማታውቃቸው ወንዶች እየደወሉ ሲያሰለቿት ቁጥሩን ሰረዘች። ሁሉንም ልታጠፋው ስትል ግን ከባሕር ዳር አንድ ድርጅት ጻፈላት፤ ከሊማሊሞ ሥር ያሉትን ቦረቦሮች ያሳየችበትን ካርታ አይተው። ሰኞ ለቃለ መጠይቅ ትቀርባለች። የሥራ ልምድ ወረቀት ይዘሽ ነይ ብለዋታል።

"ካርታው የመሥሪያ ቤቱ ምስጢር ነው። አሁኑኑ፣ እዚሁ ፊቴ አጥፊው! አለዚያ የሥራ ልምድ የሚባል አታገኚም።"

"ምስጢር ከሆነ እርስዎ ለምን አወጡት?"

"ምን አልሽ?"

"ገጼን ሲያዩ ሊንክድኢን ስምዎን ነገረኝ። እኔም የእርስዎን ገጽ አየሁ። 'እኔ ያዘጋጀሁት ካርታ' ይላል። አራት ወር ገደል ለገደል የተንከራተትኩት እኔ! እርስዎ ሊማሊሞን የሚያውቁት ከመኪና መስኮት ነው።"

ፊቱ ደም መሰለ። ተነሥቶ በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ስሚ፣ አንቺ ልጅ። ያንቺን አጥፊ፣ የእኔ ባለበት ይቀመጥ። ወረቀትሽን ዛሬውኑ እፈርማለሁ። ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ የለም።"

ሸጊቱ ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። አንድ ጊዜ መንካት ብቻ ነበር፤ ሰኞም ባሕር ዳር ነች። ገጹን ከፍታ ካርታውን አየችው። መልሳ ስልኩን ከተተችና በሩን ከፈተች።

"ጥያቄዬን በጽሑፍ አስገባለሁ። እምቢታዎንም በጽሑፍ ይስጡኝ።"

መዝገብ ቤት ቆማ ማመልከቻውን ጻፈች። መዝገብ ያዧ ኮከብ ተቀብላ አነበበችና በሹክሹክታ፣ "እሱ ቂመኛ ነው፤ ተይ እቴ" አለቻት።

ሸጊቱ ወረቀቱን መልሳ ተቀበለቻት። ከፊርማዋ በታች "ግልባጭ፦ ለዋናው መሥሪያ ቤት፤ እኔ ያዘጋጀሁት ካርታ ተያይዟል" ብላ ጨመረችበትና፣ "በይ፣ አሁን ማኅተሙን ምቺ" አለቻት።