አምስት ጊዜ የተመዘገበው ፈረደ

አንድ ሰው በአንድ መዝገብ ውስጥ አምስት ጊዜ እንዴት ሊኖር ይችላል? ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ የገበሬ ማኅበሩን የትራክተር ተራ የሚይዘውን መዝገብ ኮምፒውተር ላይ የሠራሁት እኔው ነኝ፤ ሕንድ አገር ስድስት ዓመት ተምሬ። ስምና ስልክ ተመሳስሎ እንዳይገባ ከልክያለሁ። ፈረደ ግን አምስት ቦታ ተጽፏል።

ከፈረደ ቀጥሎ ተረኛ የነበሩት እትዬ ማናዬ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመዋል። ክረምቱ ከገባ ትራክተር ጭቃ አይደፍርም፤ ሰሊጣቸው ሳይዘራ ሊቀር ነው።

«ትራክተሩ ትናንት የፈረደን መሬት አረሰ። ዛሬም ያንኑ ያርሳል። ነገ ውሃ ሊያወጣለት ነው?»

«ሾፌሩ ዝም ይላል?»

«ኡመይር? አምና ተራ ዘለልክ ተብሎ ተከሷል። ዘንድሮ የተራው ወረቀት አስፋልት እረስ ቢለው ያርሳል።»

«ፈረደስ?»

«ሠራተኛ ሊቀጥር አብደራፊ ወርዷል።»

መዝጋቢዋን ከውሰርን ጠየቅኳት።

«ጎረቤቶቹ ናቸው ያስመዘገቡት» አለች። «ከተማ የመጣ ሰው ለቀረው ጎረቤቱ ተራ ሳይዝ ቢመለስ ነውር ነው። ሙኽታር አስመዘገበው፣ ሰጠኝ አስመዘገበው፣ እትዬ ማናዬም…»

«አዎ፣ እኔስ ከማን አንሼ!» አሉ እትዬ ማናዬ።

«ስልኩስ?»

«የለውም። ባዶ ተውኩት።»

«አምስት ጊዜ ስትጽፊው አልታወቀሽም?»

«‹የተደገመ ከሆነ ማሽኑ ራሱ ይመልሰዋል፣ አንቺ አትጨነቂ› ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

ያኔ ገባኝ። ለኮምፒውተሩ ባዶ ማለት «አይታወቅም» ነው፤ ሁለት የማይታወቁ ስልኮች አንድ ናቸው አይልም። ስለዚህ ባዶ ስልክ ያላቸውን አምስት ፈረዶች አምስት ሰው ብሎ አሳለፋቸው። ይህንኑ ለእትዬ ማናዬ አስረዳሁ።

«ልጄ፣ በዚህ አገር ፈረደን የማያውቅ ያንተ ማሽን ብቻ ነው» አሉኝ።

አራቱን ሰረዝኩ። የታተመው ወረቀት ግን ኡመይር ኪስ ውስጥ ነው፤ እሱ ያለበት እርሻ ላይ ደግሞ ስልክ አይሠራም። እትዬ ማናዬ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ባጃጅ ውስጥ ገቡ።

በማግስቱ እንደሰማሁት ትራክተሩ ፊት ቆመው አዞሩት። ዝናቡ የወረደው መሬታቸው እኩሌታው ከታረሰ በኋላ ነው።

ስልኩ ሲሠራ እንዲደርሰው ለኡመይር መልእክት ጻፍኩለት፦ «መሬቱ ጠፈፍ ሲል የእትዬ ማናዬን እኩሌታ ጨርስላቸው። ወረቀት አትጠብቅ፤ ለሚመጣው ሁሉ እኔ አለሁ።»