ሠላሳን ያለፈች አራስ

ሀሴት ከፋብሪካው ደውላ «እማዬ፣ ወፍረሻል አሉኝ» ስትል ወይዘሮ በቀለች እልል አሉ። ምን ያድርጉ! አራስን ወፈርሽ ማለት አራሷንም ያረሳትንም መመረቅ ነው። ስልኩን ሳይዘጉ ለጎረቤታቸው ለአያንቱ በአጥሩ ላይ አበሰሩ፤ አያንቱም እጅዎ ይባረክ ብላ አሞገሰቻቸው። ከስልኩ ውስጥ ለቅሶ እንደሚሰማ ያስተዋሉት ዘግይተው ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሀሴት የምትሠራው ሰበታ በሚገኝ የብስኩት ፋብሪካ፣ ማሸጊያ ክፍል ነው። ከወሊድ ፈቃድ ስትመለስ የፋብሪካው ክሊኒክ መዘናት፣ ቁመቷንም ለካና ሠላሳ ነጥብ ሦስት ነሽ አላት። በቅርቡ የወጣው ደንብ ደግሞ ሠላሳና ከዚያ በላይ የሆነ ሠራተኛ «ከልክ ያለፈ ውፍረት» ስላለበት የቁም ሥራ ላይ አይመደብም ይላል። ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ሥራ እንደሁ የለም። ሰኞ ድጋሚ ትመዘናለች፤ ካልቀነሰች ሥራዋ አበቃ። ቀኑን ሙሉ ስኳርና ዱቄት ሲያሽግ የሚውል ፋብሪካ ስለ ሰው ውፍረት ሲያወራ አያፍርም!

ወይዘሮ በቀለች እንዴት አይንገብገቡ? ሀሴት የልጃቸው የሌንጮ ሚስት ናት። ወላጆቿ ሆሳዕና ናቸው፤ እናቷ ታማ መምጣት ሲያቅታት በስልክ «ልጄን አደራ» ብላቸው ነበር። እሳቸውም ምራታቸውን ከሰበታ ወደ ቡራዩ ወስደው እንደ ሆድ ልጃቸው አረሷት፤ እስካሁንም እሳቸው ጋ ናት። ገንፎው፣ ቅቤው፣ አጥሚቱ፣ የበግ ሾርባው፤ ምን ያልቀረበ አለ? ስትመጣ ገርጥታ የነበረችው ልጅ ፊቷ ወዝ አገኘ፣ ጡቷ ሞላ። አሁን ታዲያ አንድ ሚዛን ተነስቶ ያን ሁሉ ልፋት በሽታ ነው ይበላቸው?

መካሪ መቼም አይጠፋም። የሥራ ባልደረባዋ ኤዶም፣ ምግብ ተዪ፣ ውኃም ቀንሺ፣ ልትመዘኚ ስትይ ደግሞ ልጁን አጥቢው ብላ መከረቻት። ሌንጮም የቤት ኪራዩን እያሰበ፣ ለጥቂት ቀን ነው ቻይው አላት። ቻለችው። ቅዳሜ ላይ ወተቷ ቀነሰ፤ ሕፃኑ ኤልቃና ጡቷን እየያዘ እየለቀቀ ይነጫነጫል። ወይዘሮ በቀለች ያቀረቡት ሁሉ ሳይነካ ተመለሰ። ልጅቷ ግድግዳ ተደግፋ ስትነሳም አዩ። ይህን ሚዛን የሚሉትን ጉድ እኔው አየዋለሁ ብለው፣ ሰኞ ጠዋት አንድ ፔርሙዝ አጥሚትና አንድ ሰሃን ጨጨብሳ በዘንቢል ይዘው ኤልቃናን ካዘለችው ምራታቸው ጋር ሰበታ ሄዱ።

የክሊኒኩ ባለሙያ ተሾመ የሚባል ወጣት ነው። ወይዘሮ በቀለች ሊጣሉት ተዘጋጅተው ቢገቡም ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላቸው፤ እንዲህ ያለውን ሰው በምን ይጀምሩታል? ቢሆንም አልተዉትም። ይህን ሠላሳ የሚባል ቁጥር ማን አመጣው ብለው ያዙት።

ተሾመ ሳያድበሰብስ ነገራቸው። ቁመት በራሱ ይባዛና ኪሎው ለእሱ ይካፈላል። የሚወጣው ሃያ አምስት ሲደርስ ክብደት በዛ፣ ሠላሳ ሲደርስ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። የስኳር፣ የደም ግፊትና የልብ ሕመም ሥጋት ግን ቀስ እያለ ነው የሚጨምረው፤ ሠላሳ ላይ ሲደርሱ ድንገት የሚገቡበት ገደል የለም። የሆነ ቦታ ላይ ማስመር ስላስፈለገ፣ ባለሙያዎች ጥናት አይተው ለመያዝ የሚቀል ቁጥር ላይ ተስማሙ። ጥናቱም በብዛት የፈረንጆቹ ነው። ለእስያ ሰዎች ዝቅ ያለ ቁጥር ይሻላል የተባለበት ጊዜ አለ። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያውን መስመር ወደ ሃያ አምስት ዝቅ ሲያደርጉት ደግሞ፣ ደህና ሆኖ የተኛ ስንቱ ሰው ክብደቱ በዝቷል ተብሎ ነጋለት።

«የእኛስ?» አሉ ወይዘሮ በቀለች።

«እኛ የዓለሙን ነው የምንጠቀመው፣ እናቴ።»

እሳቸውም ሞኝ አይደሉም። እህታቸውን የነጠቃቸው ስኳር ነው፤ ውፍረት ሁሉ በረከት እንዳልሆነ ያውቃሉ። የሀሴት ስኳርና ግፊት እንዴት ነው ሲሉ ጠየቁ። ደህና ነው አለ። ቁጥሩ ሐኪሙን እዚህ ጋ ልብ ብለህ እይ ይለዋል እንጂ፣ ሰውየው ቆሞ መሥራት ይችላል አይችልም አይልም። ስቡን ከጡንቻው፣ ጡንቻውን ከወተቱ አይለይም አላቸው።

«ታዲያ ይህንን ለአለቆችህ ነግረሃቸዋል?»

ተሾመ ሀሴትን ወደ ሚዛኑ ጠራት።

ሀሴት ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ ለአማቷ ሰጠችና ሚዛኑ ላይ ወጣች። ተሾመ አሰላው፤ ሃያ ዘጠኝ ነጥብ ሰባት። አለፈች! እንኳን ደስ አለሽ ብሎ እስክሪብቶውን አነሳ። ወይዘሮ በቀለችም ውስጣቸው እያረረ፣ እንጀራዋ ይትረፍላት እንጂ ሌላው ይቆይ አሉ በልባቸው። ልጅቷ ስትወርድ ግን ተንገዳገደች። ደግፈው አስቀመጧትና አጥሚቱን ቀዱላት።

ተሾመ በየሦስት ወሩ መመዘኗ እንደሚቀጥል ያስታወሳት ያን ጊዜ ነው።

ሀሴት ቀና ብላ አየችው። ይህች ልጅ ቤታቸው ከገባች ጀምሮ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ አሁንም አላደረገችም። የያዘችውን ኩባያ ጨለጠች፣ ደገመች፣ ፔርሙዙ እስኪያልቅ እየቀዳች ጠጣች። ጨጨብሳውንም ወደ ራሷ ሳበችና ሰሃኑን ባዶ አደረገችው። ቀስ በይ፣ ያምሻል ቢሏትም አልሰማቻቸውም። ከዚያ አፏን ጠርጋ ተነሳችና ሚዛኑ ላይ ተመልሳ ወጣች።

ሠላሳ ነጥብ ሁለት።

«ይኼኛውን ጻፍ» አለችው።

ተሾመ ደነገጠ። አልፈሻል እኮ፣ ሥራሽን በገዛ እጅሽ አታጥፊ፣ የቅድሙን ልጻፈው ብሎ ለመናት። ወይዘሮ በቀለችም ፈሩ፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ፈሩ። ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ተይ ሊሏት አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደመቻቸው።

«ቅድም ጤነኛ ነበርኩ፣ አሁን በሽተኛ ሆንኩ? በመሃል ያለው አንድ ፔርሙዝ አጥሚት ነው። እኔ በየሦስት ወሩ ልጄን አላስርብም። እስክወልድ ድረስ እዚህ ቆሜ ሠርቻለሁ። ቆሜ መሥራት እችል እንደሆነ እሱን ጠይቀኝ።»

ተሾመ «ትችያለሽ?» አላት።

«እችላለሁ።»

ሠላሳ ነጥብ ሁለት ብሎ ጻፈ። ከሥሩም ለቁም ሥራ ብቁ ናት ብሎ ጨመረና ፈረመበት። አስተዳደሩ ላይቀበለው እንደሚችል፣ እሱንም እንደሚያስጠይቀው አልደበቃቸውም፤ ግን ራሴ ይዤው እገባለሁ አለ።

ወይዘሮ በቀለች ሊከራከሩላት የመጡት ልጅ ለእሳቸው የተረፈ ክርክር አላስቀረችም። ሕፃኑን እንዳቀፉ «ባይቀበሉስ?» አሏት።

ሀሴት ልጇን ተቀብላ ጡቷን አጎረሰችው።

«ባይቀበሉ ነገም እመጣለሁ» አለች። «በልቼ ነው የምመጣው።»