የዲንሳ ጥርስ

እታፈራሁ ልጅ ሳለች፣ ጉለሌ አባቷ ቤት፣ ሽማግሎች ሰው ሊያስታርቁ ተቀምጠው ነበር። ሰዎቹን ምን እንዳጣላቸው ጠፍቶባታል፤ አጥር ይሁን ውርስ አታውቅም። ከመጋረጃው ኋላ ሆና የሰማችው፣ አንደኛው ሽማግሌ ረጋ ብለው፣ «ጥፋቱን ያመነን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ? ያመነን መቅጣት የወደቀን መርገጥ ነው» ሲሉ ነው። ሌላው ሽማግሌ፣ ሳል የሚያሰቃያቸው፣ መልስ ሰጥተው ነበር። ምን እንዳሉ ግን እናቷ ጠርታት ይሁን ሳሉ ውጦት፣ ጆሮዋ አልገባም።

ያንን ግማሽ ወሬ ይዛ ኖረች። ይዛው አሜሪካ ገባች። ባሏን ጌቱንም የመከረችው በዚሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጌቱና ዲንሳ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳሉ። ወንድማማች ማለት ናቸው፤ የአንዱ መኪና ሲበላሽ ሌላው ቁልፉን ይሰጣል። በረዶ ሲጥል አድሮ ሰው ሁሉ በተነጫነጨበት አንድ ጠዋት ዲንሳ ተራ ሰርቆ ገባ። ጌቱ ከመኪናው ወረደ። ቃል ቃልን ወለደና ጌቱ በቡጢ አለው። የዲንሳ የፊት ጥርስ በረዶው ላይ ወደቀ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ጥርሱን ሲፈልጉ ፖሊስ ደረሰ። ማን እንደደወለ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሎች ገቡበት። ዲንሳ ጴንጤ ቢሆንም «ሽማግሌ ሽማግሌ ነው» ብሎ መጣ። ሜፕልዉድ ከተማ፣ እነእታፈራሁ ሳሎን፣ ጌቱ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ ተባለ። ድንጋይ ከየት ይምጣ? ከአፓርታማው በር ላይ ለጌጥ ከተደረደሩት አንዱን በረዶውን አራግፎ አመጣና፣ ማጅራቱ ላይ አድርጎ ጎነበሰ።

«ሰውዬ፣ ማኔጀሩ ሳያይህ መልሰው» አለ ዲንሳ፣ በጎደለው ጥርሱ እያፏጨ። ድንጋዩንም በገዛ እጁ አወረደለት። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባባሉ፤ ተሳሳሙ፤ ተበላ ተጠጣ። እዚያ ቤት ለነበረ ሰው ሁሉ ነገሩ ያን ዕለት አለቀ።

ለፍርድ ቤቱ ግን አላለቀም። መንግሥት ያቆመለት ጠበቃ በስልክ አስተርጓሚ በኩል፣ «ልንከራከር እንችላለን። ካመንክ ደግሞ እስር ቤት ሳትገባ ቶሎ ይዘጋል» አለው። ጌቱ ቤት መጥቶ ሚስቱን አማከረ።

«መተኸው የለ እንዴ?» አለችው። «መትቻለሁ በልና ተገላገል። ያመነን ማንም አይረግጥም።»

ከረባቱን ራሷ አሰረችለት። ችሎት ውስጥ ከኋላው ተቀምጣ ስታይ፣ ዳኛዋ ጥያቄ ታዥጎደጉዳለች። ዜጋ ካልሆንክ ይህ ከአገር ሊያስወጣህ እንደሚችል ተረድተሃል ወይ የሚልም ነበረበት። ጌቱ ትልቅ ሰው ሲጠይቅ እንደሚመለሰው፣ አንገቱን ደፍቶ «አዎ፣ ክብርት ዳኛ» አለ። ለሁሉም አዎ አለ። ያ ድንጋይ ገና ማጅራቱ ላይ ያለ ይመስል ነበር። አንድ ዓመት ተፈረደበትና ፍርዱ ታገደለት፤ ዳግም ካላጠፋ አይታሰርም። እታፈራሁ ለምስጋና ጧፍ ገዝታ ለቤተ ክርስቲያን አስገባች።

ግሪን ካርዱን ሊያሳድስ አሻራ ሲሰጥ ነው የተኛው ነገር የነቃው። ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት መኪናውን ሊያሞቅ ወርዶ ቀረ። በመስኮት ብታይ መኪናው ብቻውን እየጨሰ ቆሟል፤ በሩም አልተዘጋም። የኢሚግሬሽን ሰዎች ወስደውታል።

ፕሊማውዝ ከተማ ቢሮ ያላት አዲሷ ጠበቃ ዘንድ የወሰዳት ዲንሳ ነው። ሾፌሯም አስተርጓሚዋም እሱ ሆነ።

«ጥርስ ከወለቀ ተራ ድብድብ አይባልም ትላለች» አለ። «ያ አንድ ዓመት ደግሞ ቢታገድም ለኢሚግሬሽን ያው ነው፣ ይቆጠራል። በዋስም አይለቁትም።»

«ይቅር ማለትህንስ ነገርካት?»

«ነገርኳት እንጂ። ጥርሱ የኔ፣ ይቅር ያልኩት እኔ፣ እነሱ ምን ቤት ናቸው አልኳት። ከሳሹ አንተ አይደለህም፣ ስቴቱ ነው፣ መንግሥት ማለት፣ አለችኝ። ስቴቱ ጥርስ አለው ወይ አልኳት።»

ጠበቃዋ አልሳቀችም። እታፈራሁም አልሳቀችም።

«ታዲያ ምን ይደረግ ትላለች?»

«ማመኑ ይሰረዝልኝ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ግን ዳኛዋ ጠይቃዋለች፤ ገባኝ ብሏል፤ ድምፁ ተቀድቷል። ወራት ይፈጃል፤ ያን ሁሉ ጊዜ እዚያው ታስሮ ነው። ቃል አልገባላችሁም ነው የምትለው።» ዲንሳ ከራሱም ጨመረ። «እኔ እመሰክራለሁ፣ እቱ። ተራ የሰረቅኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ከፈለጉ አዲሱን ጥርስ አውልቄ አሳያቸዋለሁ።»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጌቱ ከታሰረበት በቪዲዮ ቀረበ። ፂሙ አድጓል። እታፈራሁ የጠበቃዋን ነገር ሳትጨርስ አቋረጣት።

«ልፈርም ነው።»

«ምኑን?»

«አገር ቤት እሄዳለሁ ብዬ። ከፈረምኩ በቶሎ ይሸኙኛል።»

«ዲንሳ ይመሰክራል እኮ። ትንሽ ታገስ እንጂ።»

«እቱ፣ እዚህ መብራት አይጠፋም። የጠዋቱን ጸሎት ከማታው መለየት አቃተኝ። አንድ ጎረቤቴ ሲከራከር ከርሞ፣ ያው ሸኙት። ብከራከር ተስፋ ላደርግ ነው። እሱ ነው ያቃተኝ።»

«ከሄድክ መመለስ የለም። ይቺንስ ልጅ?»

ልጃቸው ኤልሻዳይ ከእናቷ ትከሻ ጀርባ ቆማለች። «ዳዲ፣ ዶንት ሳይን» አለች፤ አትፈርም ለማለት አማርኛው ጠፍቶባት። ጌቱ ፊቱን ከካሜራው አዞረ።

«እመን ያልኩህ እኔ ነኝ» አለች እታፈራሁ።

«መትቼዋለሁ። ውሸት አላናገርሽኝም።»

ያን ጊዜ ነው የባለሳሉ ሽማግሌ ድምፅ የመጣላት። «ያመነውስ ለማን ነው?» ያሉ መሰላት። በእርግጥ ብለውት ይሁን፣ ወይ ጭንቀቷ የፈጠረው ይሁን፣ መለየት አልቻለችም። የምትጠይቀው ሰውም የለም፤ ሁሉም አልፈዋል።

«አንድ ሻንጣ ይፈቅዳሉ» አለ ጌቱ። «ከምሸኝበት ቢሮ ታደርሺልኛለሽ። ስስ ስሱን ልብስ አድርጊ። ያን ከረባት ተይው።»

አይሆንም ብትለው የሚቀረው እሷ ጋ አይደለም፤ የሚቀረው እዚያ መብራት ሥር ነው። በልቧ መድኃኔዓለምን ጠራች፤ ቀጥሎ የምትለምነውን ግን አጣችው። ጊዜው እያለቀ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ ከፊቱ በታች ብልጭ ብልጭ ይላል።

«እቱ፣ ታመጪልኛለሽ?»

«እሺ» አለች። «ዲንሳ ያደርሰኛል። አመጣልሃለሁ።»